የስፌት መኪናዬን የገመቱት እትዬ ዘነበች

የእትዬ ዘነበችን ሞት የሰማሁት ሽንኩርት ሳስመዝን ነው። መካኒሳ፣ ታክሲ መውረጃው አጠገብ የምትቸረችር ሴት ሚዛኑን እንደያዘች፣ «ያቺ የስፌት መኪና ደላላ፣ ባለ ጥቁር ዣንጥላዋ፣ አረፈች አሉ። ትናንት ቀበሯት» አለችኝ። ነገሩ እኔን ይመለከታል ብላ አይደለም። ከዚያ በፊት ስለ ቲማቲም መወደድ ስታወራ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ወደ ቲማቲሟ ተመለሰች።

ሽንኩርቱን ትቼ ሄድኩ። ከኋላዬ ስትጠራኝ ይሰማኛል፤ አልዞርኩም። ቀብሩ አልፏል። ቤት ብገባ መቀመጥ እንደማልችል አውቃለሁ። ትንሽ ወደ ላይ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ቆምኩ። በመጨረሻ እግሬ እሳቸው ተከራይተው ወደ ነበሩበት ግቢ ወሰደኝ። እዚህ የምጽፈው እዚያ እስክደርስ በመንገድ ላይ ያስታወስኩትን ነው።

እትዬ ዘነበች በወጣትነታቸው ከወላይታ የመጡ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ሥራቸው ያገለገለ የስፌት መኪና ማሻሻጥ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት ዓመታት በኛ በኩል ብዙ ቤት ወይ መኪና ይሸጥ ነበር፣ ወይ ይገዛ ነበር። ባሏ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰላት ትሸጣለች፤ ከመሥሪያ ቤት የተቀነሰው ልብስ ሰፍቼ ልደር ብሎ ይገዛል። እሳቸው በሁለቱ መካከል ይመላለሳሉ። ጠዋት ጎፋ የታዩ ሴት ለምሳ ሰዓት መካኒሳ ናቸው፤ አመሻሹ ላይ ለቡን፣ ያን ጊዜ ገና ሜዳ የነበረውን፣ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ሲያቋርጡ ይታያሉ። ታክሲ አይሳፈሩም። እግራቸው ላይ የወንድ ሸራ ጫማ፣ በነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረች ትንሽ ካቻቢቴ። የሥራ ዕቃቸው ይኸው ነበር።

ሰው ቤት ገብተው አይቀመጡም። ውሃም ቢሰጧቸው ቆመው ጠጥተው፣ ብርጭቆውን ለሰጣቸው ሰው መልሰው ይወጣሉ። ዓይናቸው ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው። አንዳንዱ ኩራት ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ጴንጤ ስለሆነች ከኛ ጋር መብላት አትፈልግም ይላል።

መኪና ሊገምቱ ሲጠሩ መጀመሪያ የሚያዩት መኪናውን አይደለም። ከደጃፍ ቆመው፣ «ብሩ ለምንድን ነው?» ይላሉ።

ብዙ ሰው ይቆጣ ነበር። «ዋጋሽን ተናገሪ፤ ስለ ቤቴ ምን አገባሽ?» ያሏቸው አሉ። እሳቸው መልሱን ሳይሰሙ እጃቸውን ብረቱ ላይ አያሳርፉም። ለመድኃኒት ነው ከተባሉ በዚያው ቀን ገዢ ይዘው ይመጣሉ፤ ዋጋውም ገዢ የማይከራከርበት፣ ሻጭም የማያለቅስበት ይሆናል። ለድግስ ከሆነ ይዘገያሉ። አንዲት ጎረቤታችን ለባሏ ተዝካር ልትሸጥ ስትቻኮል፣

«እሱ አይቸኩልም፤ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?» አሏት።

ሴትዮዋ አኩርፋ ሰነበተች። በኋላ ተዝካሩ በንፍሮና በጠላ ወጣ፤ መኪናው ዛሬም ቤቷ አለ።

መልሱን ከሰሙ በኋላ ነው ወደ መኪናው የሚቀርቡት። ቺንጊያውን ያወልቁና መንኮራኩሩን በአንድ ጣት ገፋ ያደርጉታል። ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪቆም ያዳምጣሉ። ሰው ሁሉ የሚመካው በመኪናው አንገት ላይ ባለው የወርቅ ቀለም አበባ ነው። እሳቸው አበባውን የሚያዩት የት የት እንደለቀቀ ለማወቅ ነው። ከፊት በኩል፣ ጨርቅ እየተሻሸ በሚያልፍበት ቦታ ከለቀቀ ደስ ይላቸዋል። «አበባው ያልተነካ መኪና ወይ ሰነፍ ቤት ነበር፣ ወይ ታሞ ነበር» ይሉ ነበር። አሮጌው የእንግሊዝ ብረት ገና ከካርቶን ከወጣው የቻይና መኪና ለምን እንደሚወደድ ሲጠየቁ ደግሞ፣ «ይኼኛው ቢታመም ዘመድ አለው» ይላሉ። አንድ ነገሩ ቢሰበር ከሌላ አሮጌ መኪና ተነቅሎ ይገባለታል ማለታቸው ነው።

ጎፋ አንድ ሰውዬ መኪናው ዓይን ይግባ ብሎ ለአጥር በር በገዛው አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ጠራቸው። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ናት።

«እንዴት ነው? አዲስ አልሆነም?» አላቸው።

«ሆኗል። ቁልፉስ የት ነው?»

«የምን ቁልፍ?»

«የበሩ ነዋ።»

ሚስትየው ከጓዳ ሳቀች። እሱ ፊቱ ጠቆረ። «ቀልዱን ይተዉና ዋጋውን ይንገሩኝ።»

«ትናንት ብትጠራኝ ስድስት መቶ እልህ ነበር። ዛሬ ቀለሙን የሚፍቀው ሰው የሚበላው ይቀነሳል።»

እኔም ያወቅኋቸው በመኪና ነው። ባለቤቴ ወታደር ነበር፤ ከሰሜን አልተመለሰም። ሁለት ሴቶች ልጆች ትቶልኝ ነው የሄደው፤ ሄለን ሁለተኛ ክፍል ነበረች፣ ሰላም ገና ከጀርባ መውረዷ ነው። መካኒሳ አንዲት ክፍል ተከራይቼ በእናቴ የእግር መኪና ትንሽ ትንሽ እሰፋ ነበር። ቆይቶ መኪናው እየጠነከረ፣ እየከበደ መጣ። ሥራውም አብሮት ሄደ።

ሴቶችን ወደ ቤይሩት የሚልክ ሰይፉ የሚባል ሰው ነበር። ፓስፖርት አወጣሁ። ልጆቼን ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ ላደርሳቸው ተነጋገርን። ግማሹን ብር ሰጠሁት። የቀረው ግማሽ ከመኪናው በቀር ከየትም አይመጣም። መኪናው ከተሸጠ እሄዳለሁ፣ ካልተሸጠ እቀራለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር። ቶሎ እንዲሸጥልኝ ለእመቤቴ ማርያም ጥላ ተሳልኩ።

እትዬ ዘነበች በሩ ላይ ቆሙ።

«ብሩ ለምንድን ነው?»

«ዓረብ አገር ልሄድ ነው» አልኳቸው።

ሰላም የመኪናው ፔዳል ላይ ቁጭ ብላ እንደ ዥዋዥዌ ትወዛወዝበታለች። እሷን አዩ። ሄለንን አዩ። ከዚያ ገቡ።

መንኮራኩሩን በጣታቸው ገፉ፤ አልተነቃነቀም። በመዳፋቸው ገፉ፤ እያቃሰተ ጥቂት ዞረና ቆመ። ጎንበስ ብለው አሸተቱት።

«ምን ዘይት ነው የምታጠጪው?»

ከገዳም የመጣ ቅባ ቅዱስ ነበር። በየወሩ በማርያም ቀን ጸሎቴን አድርሼ መኪናውን በየቀዳዳው እቀባው ነበር። የልጆቼ እንጀራ ነውና ይባረክልኝ ብዬ ነው። እየጠነከረ ሲሄድ ፈተና መጣብኝ አልኩና አበዛሁለት። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ጴንጤ መሆናቸውን አውቃለሁ። የሚሉኝን እየጠበቅኩ መልሱን በሆዴ አዘጋጅቻለሁ።

«ይሄ ለሰው የተሰጠ ነው፤ ለብረት ምን ያደርግለታል? ልጆችሽን ቀቢያቸው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ያዘጋጀሁት መልስ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

«አሁን እንዳለ ስንት ያወጣል?» አልኩ።

«አሁን እንዳለ ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ነው።»

«ቢጸዳስ?»

ካቻቢቴያቸውን ከነጠላቸው ፈቱ፤ መልሰው ቋጠሩ። «ሺህ አምስት መቶ» አሉ። «ከዚያ በታች እንዳትነኪ። የመጣ ሰው ሁሉ ዋጋውን ከዘነበች ጋር ይነጋገር።»

እኔ ያሰብኩት ሰባት መቶ፣ ቢበዛ ስምንት መቶ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

በማግስቱ በጠርሙስ ላምባ ይዘው መጡ። ቆመው፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ በላባ እያነከሩ የደረቀውን ዘይት ሁሉ አስለቀቁት። እንደ ሙጫ ሆኖ ነበር። መንኮራኩሩ በጣት ሲገፋ መዞር ሲጀምር ሄለን አጨበጨበች። እትዬ ዘነበች እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «መኪናሽ ጤነኛ ነው፤ ነፍሱን ነው የደፈንሽው» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ መጣ። ሰይፉ በአንድ ቀን ልዩነት ይመጣል። ግቢ ውስጥ አይገባም፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ያፏጭልኛል።

«እስካሁን አልተሸጠም?»

«ዋጋ እየጠበቅን ነው።»

«አንቺ ዋጋ ጠብቂ። እነሱ አንቺን አይጠብቁም። ቦታውን የምትይዝ ሴት ሞልታለች።»

እሱ ሲሄድ መቀመጥ አልችልም። ልብስ ዘፍዝፌ ሳላጥብ እነሳለሁ። ወጥ ጥጄ ደጅ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ፤ ወጡ ይይዛል። ልጆቼን ሳቅፍ ልቤ ቤይሩት ነው፤ ቤይሩትን ሳስብ ደግሞ የሰላም እግር ፔዳሉ ላይ ይታየኛል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆሜ ሳስቀድስ እንኳ ገዢ መጥቶ ባጣኝስ እላለሁ።

ገዢዎች መጥተዋል። እትዬ ዘነበች ያመጧቸው ነበሩ፣ በወሬ ሰምተው የመጡም ነበሩ። ሁሉንም እሳቸው በር ላይ ቆመው ይቀበሏቸዋል። አንድ የመርካቶ ነጋዴ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና፣

«እናት፣ በዚህ ዋጋ እኮ አዲስ ይገዛል» አላቸው።

«አዲስ ግዛ።»

«ሰባት መቶ ሃምሳ ልስጥና ይለቀቅልኝ።»

«እሱ የጠረጴዛው ነው። ብረቱን ተውልንና ጠረጴዛውን ተሸከም።»

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ንብረቱ የአንቺ አይደለም እንዴ? ተናገሪ እንጂ።»

«እሷ አፍ የላትም፤ እኔ ነኝ አፏ» አሉት።

እውነትም አፍ አልነበረኝም። ነጋዴው ሳቀና ሄደ። አብሮት ብሩም ሄደ። ተከትዬው ልሮጥ አስቤ በሩ ድረስ ደርሻለሁ።

እትዬ ዘነበች ባዶ እጃቸውን አይመጡም ነበር። «ቆሞ የሚጠብቅ መኪና መልሶ ይደርቃል። ገዢ ሲመጣ እየሠራ ይየው» ይሉና ጥቅል ጨርቅ አልጋዬ ላይ ይጥላሉ። አንድ ቀን የትራስ ልብስ ነው፣ ሌላ ቀን መጋረጃ። አዲስ ዓመት ሲቃረብ የተማሪ ዩኒፎርም አመጡ፤ የማን ልጅ ምን ያህል እንደምትረዝም በቃላቸው ይነግሩኛል። እኔ የምሰፋው መኪናው እንዲሸጥ ነው። የልጆቼን ዳቦ ግን በዚያው እገዛበት ጀመር። ይህን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

አከራዬ ሁሉን ከመስኮቷ ታይ ነበር። «ሞኝ ነሽ» አለችኝ። «ጴንጤዋ መኪናሽን ወዳዋለች። ዋጋ ሰቅላ ሰቅላ፣ ሲጨንቅሽ በግማሽ ልትወስደው ነው። እንዲህ ያለ ደላላ የት አይተሻል? ገዢ የሚያባርር ደላላ?»

አላመንኳትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘነበች መኪናውን ሲነኩ እጃቸውን ማየት ጀመርኩ።

ሰይፉ ለመጨረሻ ጊዜ ያፏጨልኝ ዕለት፣ «ሐሙስ ብሩን ካላየሁ ስምሽን እሰርዘዋለሁ» አለኝ። እኔም በራሴ ጎፋ ወጥቼ አንድ ልብስ ሰፊ አነጋገርኩ። ስምንት መቶ እሰጣለሁ አለ። ለሰይፉ የሚቀረኝ ልክ ያን ያህል ነበር። ረቡዕ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር መጣ። መኪናውን አየ፣ ሞከረው፣ ወደደው። ተሸካሚዎቹ ጠረጴዛውን በሁለት በኩል ይዘው ብድግ ሲያደርጉት ሰላም ማልቀስ ጀመረች። እኔ ዓይኔን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

እትዬ ዘነበች ጨርቅ ታቅፈው በር ላይ ቆመዋል።

«አስቀምጡት። ተሽጧል» አሉ።

«ለማን?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ቀብድ ተቀብላለች። ባለቤቱ ከሰዓት ይመጣል።»

ሰውዬው አየኝ። ከአፌ ቃል ቢወጣ መኪናው ይሄድ ነበር። አልወጣም። «የሰው ሰዓት ማባከን ምን ይባላል?» እያለ ተሸካሚዎቹን ይዞ ወጣ። ለእነሱም የመጡበትን የከፈለው እሱ ነው።

ግቢውን ሲለቁ ጠብቄ፣ «ዋሹ» አልኳቸው። «እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰው ዋሹ።»

«ዋሸሁ። ይቅር ይበለኝ» አሉ።

«መኪናውን ለራስዎ ፈልገውት ነው?»

ያን ጊዜ ተቀመጡ። መኪናው ፊት ባለችው ዱካ ላይ፣ ዣንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ሲቀመጡ አይቼ አላውቅምና ደነገጥኩ። የታመሙ መሰለኝ።

«እኔም መኪና ነበረኝ» አሉ። «ልጄ ማርታ ጅዳ ልሂድ አለችኝ። አንድ ሰው ጠዋት መጣ። የጠራውን ዋጋ ተቀበልኩ፤ አልተከራከርኩም። ለምሳ መኪናው የለም። በሳምንቱ ልጄ የለችም። መጀመሪያ አካባቢ ከዚያ የመጣ ሰው ወሬዋን ይነግረኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አይቻታለሁ አላለኝም። ሞታለች እንዳልል ለቅሶ አልተቀመጥኩም። አለች እንዳልል ድምፅ የለም።»

ሰላም ማልቀሷን ትታ ታያቸዋለች።

«ሰው ስለዋጋ ሲከራከር ቀን ያልፋል» አሉ። «ቀን ሲያልፍ ሐሳብ ይመጣል። እኔ አንድ ወር ብከራከር ኖሮ፣ አንድ ወር አብራኝ ትቆይ ነበር። በዚያ ወር ውስጥ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል? ምንም ላይሆን ይችላል። ግን አልተከራከርኩም።»

«ማርታ ልጅ ነበረች» አልኳቸው። «እኔ እናት ነኝ። የምሄደው ለነዚህ ነው። ደጅ ላይ ቆመው ገዢዬን ሲያባርሩ እነሱን ማን እንደሚያበላ አስበዋል?»

«አስቤያለሁ። ጨርቁን ለምን የማመጣ ይመስልሻል?» ተነሱ። «አትሂጂ ማለት አልችልም፤ እናትሽ አይደለሁም። እኔ የምችለው ዋጋ መስቀል ነው። እሱንም ነቅተሽብኛል። እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። የመኪናሽ ዋጋ ስምንት መቶ ሃምሳ ነው። ነገ ጠዋት በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሰው ይዤ እመጣለሁ። የድለላ አትከፍይኝም።»

ሐሙስ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጸለይኩ። መልስ ሰማሁ ብል ውሸት ነው። ቄሱ ጸበል ረጩን፣ ተበተንን፣ ወደ ቤቴ መጣሁ። የሰው ዩኒፎርም በእጄ ስለነበር ባለቤቶቹ ሳይመጡ ልጨርስ ብዬ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ።

እትዬ ዘነበች ቃላቸውን አክብረው መጡ። አብራቸው ቀይ ወጣት ሴት፣ ብሯን በመሐረብ ቋጥራ ይዛለች። መኪናውን እንደ ታማኝ ደላላ አስረዷት፤ ጥሩውንም መጥፎውንም፣ ዘይት ደርቆበት እንደነበረም ሳይደብቁ። ዋጋውን ነገሯት። ልጅቷ አልተከራከረችም። መሐረቧን መፍታት ጀመረች።

«ይህችን ልጨርስ» አልኩ።

ጨረስኩ። ቀጥሎ ያለውን ቀሚስ አነሳሁ። እሱንም መርፌው ሥር አስገባሁት። እጄ ለምን እንዳነሳው አላውቅም። ልጅቷ ቆማ ጠበቀች፣ ወደ እትዬ ዘነበች አየች፣ ደግሞ ወደ እኔ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን መንገዱን ያያሉ። አፌ አልሆኑልኝም በዚያን ቀን።

«እቴ፣ ትሸጫለሽ ወይስ ትሰፊያለሽ?» አለችኝ ልጅቷ።

«እሰፋለሁ» አልኩ።

እትዬ ዘነበች ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። «ነይ ልጄ» አሏት። «ጎፋ ሌላ አለ። አረንጓዴ ነው፤ እንፍቀዋለን።»

ሰይፉ የሰጠሁትን ግማሽ ብር አልመለሰልኝም። ቦታዬን የያዘችውን ሴት አላውቃትም፤ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ። ዓመቱ ቀላል ነበር አልልም። ዩኒፎርሙ ሲያልቅ ሥራ የጠፋበት፣ የተጸጸትኩበትም ጊዜ ነበር። ቤይሩት ሄደው ለእናታቸው ቤት የሠሩ ሴቶች ሰፈራችን አሉ። ሄደው በሣጥን የተመለሱም አሉ። የትኛዋ እንደምሆን አላውቅም። ልጆቼን ግን እኔ ነኝ ጸጉራቸውን የሠራሁት፣ ሲያማቸው ያቀፍኳቸው፣ ሲዋሹ የቆነጠጥኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን። ስለቴ መኪናው እንዲሸጥ ነበር። ሳይሸጥ ጥላውን አስገባሁ። ቄሱ ስለትሽ ምን ነበር ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም፤ አልጠየቁኝም።

እትዬ ዘነበችን ለማመስገን ስሞክር አይሰሙኝም ነበር። «ክር አለሽ?» ይሉኛል፣ ወይም «ሰላም ጫማዋ ጠቧታል» ብለው ይሄዳሉ። የልጃቸውን ስም መልሰው አላነሱብኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ጉልበታቸው አብጦ እየተጎተቱ ሲሄዱ አይቼ፣ «እባክዎ አሁንስ ይረፉ» ብላቸው፣

«ማርታ ስትሄድ የነበርንበትን ቤት አከራዩ ሸጦታል» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ ስንት ቤት ቀየርኩ። ብትመጣ የት ብላ ታገኘኛለች? መንገድ ላይ ከሆንኩ ትገጥመኛለች።»

እንግዲህ ይህን እያሰብኩ ነው ግቢያቸው የደረስኩት። ድንኳን አልነበረም። ጓዳቸው በር ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በዝግታ ይዘምራሉ። አማትቤ ገባሁ። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ፤ መዝሙሩን አላውቀውምና ዝም ብዬ አለቀስኩ። ከዘመድ የመጣ ሰው የለም። ወላይታ ወንድም አላቸው ተብሎ መልእክት ተልኳል።

አከራያቸው፣ ሽማግሌ ሰው፣ አጠገቤ መጥተው፣ «ምናቸው ነሽ?» አሉኝ።

«መኪናዬን ገምተውልኝ ነበር» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፍሉን ከሰኞ ጀምሮ ለሌላ ሰው እንደሚያከራዩት፣ ዕቃ የሚባል ነገር እንደሌላቸው ነገሩኝ። ስነሳ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«ልጅ አለቻቸው» አልኳቸው። «ማርታ ትባላለች። ምናልባት ከመጣች ወደ እኔ ይላኳት።»

ቤቴን አስረዳኋቸው። ከመካኒሳ ታክሲ መውረጃ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ በሩ ምን ቀለም እንደሆነ፣ የእኔንም የሄለንንም ስም። ሽማግሌው እንዳይረሱት ደግመው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ደግመው ነገሩኝ። ሽንኩርት ለምትሸጠው ሴትም፣ በአካባቢው የስፌት መኪና ለሚጠግኑትም፣ ለታክሲ ረዳቶቹም ተናገርኩ።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሄለን ሥራ ይዛለች፤ ሰላም አግብታለች። ሄለን ከዚህች ጠባብ ግቢ አውጥታ ሰፊ ቤት ልትከራይልኝ ትፈልጋለች። ሁለት ጊዜ ቤት አይታልኝ እሺ አላልኩም። ተቆጥታ፣

«እማዬ፣ ይህ ቤት ምን አለው?» ትለኛለች።

«እዚህ እንዳለሁ ለሰው ነግሬያለሁ» እላታለሁ።